ከስደት የተመለሰች ልጅ የማን ናት?

የሰው ልጅ በዚህ ዓለም እንግዳና መጻተኛ መሆኑን ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምራ ስታስተምር ኖራለች። አዳም ከገነት ወጣ፤ አብርሃም ከአባቱ ቤት ተለየ፤ ያዕቆብ በላባ ቤት 20 ዓመት አገለገለ፤ የእስራኤልም ልጆች በግብፅ በባርነት ኖሩ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የሰማይና የምድር ፈጣሪ በእናቱ ዕቅፍ ሆኖ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ መሰደዱ ነው። ይህን ስደት ለማሰብ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ተብለው ተለይተዋል፤ ኅዳር 6 ቀንም የቁስቋም በዓል ይከበራል። በየዓመቱ በማኅሌቱ ሌሊት የእመቤታችንን ድካምና ረኃብ፣ ጥማትና ልቅሶ እያሰብን እናዝናለን።

ስለ መሰደድ ይህን ያህል ሲነገር፣ ስለ መመለስ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። የተሰደደ ሰው ተመለሰ የሚባለው መቼ ነው? እግሩ የተወለደበትን መንደር በረገጠ ጊዜ ነውን? ወይስ የመንደሩ ሰው ልጄ፣ ወንድሜ ብሎ በተቀበለው ጊዜ? የአንድ አገር ልጅ መሆንስ ከመወለድ የሚገኝ ነውን፣ ወይስ በውጭ አገር በተገኘ ሀብት የሚገዛ? ይህ ለፈላስፎች ብቻ የሚተው ጥያቄ አይደለም። ዛሬ በየደብሩና በየንስሐ አባቱ ደጅ ቆሞ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ሆኗል፤ ይልቁንም ስለ ሴቶች ልጆቻችን። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ነገሩን በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ በሚታየው ሁኔታ እንመልከት። ደብረ ታቦር ራስ ጉግሣ የቈረቈሯት፣ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስም የተቀመጡባት የታወቀች ከተማ ናት። በምሥራቋ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይታያል፤ ርብና ጉማራም ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። የፋርጣ፣ የእስቴ፣ የጋይንት፣ የስማዳና የእብናት ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ አራሽ ነው። ይሁን እንጂ መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል እያነሰ ሄደ፤ ተዳፋቱንም ጎርፍ አጠበው። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው የመሬት ድልድል ወዲህ ለአካለ መጠን የደረሱት ወጣቶች ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ማሳ ከሚቈረስላቸው በቀር የራሳቸው የሚሉት ድርሻ የላቸውም።

ስለዚህ ልጆች ይሄዳሉ። ወንዱ በክረምት ለአረም፣ ከመስከረም ጀምሮም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ መውረድ የቈየ ልማዱ ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሣው ጦርነት ይህን መንገድ ቢያውከውም ፈጽሞ አላስቀረውም። ሴቲቱ ደግሞ አስቀድማ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሄዳ በሰው ቤት ትቀጠራለች። አንዳንዲቱ ወላጆቿን ለመርዳት ትሄዳለች፤ አንዳንዲቱ ያለ ዕድሜዋ ሊድሯት ሲሉ ታመልጣለች፤ አንዳንዲቱም ትምህርቷ ሲቋረጥባት ሌላ በር ትፈልጋለች። ጥቂት ገንዘብ ስታጠራቅም ወይም ደላላ ሲያግባባት በመተማ በኩል ወደ ካርቱም፣ ወይም በአውሮፕላን ወደ ቤይሩት፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ሪያድና ወደ ጅዳ ትሻገራለች። በዚያም የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር በታሰረበት፣ ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ሥር ትገባለች።

የሄዱት ብዙዎች እንደ ሆኑ የተመለሱትም ብዙዎች ናቸው። ከጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተባርረው ወደ አገራቸው ገቡ፤ ከእነዚህም ከ50 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሴቶች፣ ከ8 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ያው መንግሥት በ2009 ዓ.ም. ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ሰዎች እንዲወጡ ካወጀ በኋላም የተመለሱት ቍጥራቸው ከዚህ በለጠ። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኑሮ በተናጋ ጊዜ፣ አሠሪዎች ደመወዛቸውን ሳይከፍሉ ያባረሯቸው እኅቶቻችን በቤይሩት ከኢትዮጵያ ቈንስላ ጽሕፈት ቤት ደጅ ላይ ጓዛቸውን ይዘው መንገድ ዳር ሲያድሩ ታዩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ በካርቱም የነበሩት በመተማ በኩል ጐረፉ፤ የደረሱባትም አገር ጥቂት ወራት ሳይቈይ ራሷ በጦርነት ውስጥ ገባች።

የስደትን ነገር የሚመረምሩ የዘመናችን ምሁራን ስለ መመለስ የደረሱበት ነገር ለቤተ ክርስቲያን መምህራንም የሚጠቅም ነው። ቀድሞ መመለስ የስደት ፍጻሜ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ሰው ይሄዳል፣ ይሠራል፣ ይመለሳል፣ ነገሩም በዚያ ያበቃል ይባል ነበር። አሁን ግን የሄደው ሰው በሄደበት እንደሚለወጥ፣ ትቶት የሄደውም ቤት በቀረበት እንደሚለወጥ፣ ስለዚህም መመለስ ራሱ ሁለተኛ ስደት ሊሆን እንደሚችል ያስረዳሉ። ማሪና ደ ሬክት የተባሉት የኔዘርላንድ ምሁር ከአንድ ባልደረባቸው ጋር በ2008 ዓ.ም. ገደማ ባሳተሙት ጥናት፣ ከሳዑዲ ዐረቢያ የተባረሩትን ሰዎች የስደትን መልካም ፍሬ ሳይቀምሱ የተመለሱ ብለዋቸዋል። እኒሁ ምሁር ከካታርዚና ግራብስካና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር በ2011 ዓ.ም. ገደማ ባወጡት መጽሐፍ በባንግላዴሽ፣ በኢትዮጵያና በሱዳን ያሉትን ስደተኞች ልጃገረዶች ኑሮ መርምረው፣ ስደቱ ከልጅነት ወደ ሙሉ ሰውነት ከሚሻገሩበት ዕድሜ ጋር የተሳሰረ መሆኑን አሳይተዋል። ቢና ፈርናንዴዝ የተባሉት ምሁርም በ2012 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ባወጡት መጽሐፍ፣ እነዚህ ሴቶች የሚታዘንላቸው ተገፊዎች ብቻ እንዳይደሉና ራሳቸው አስበው የሚወስኑ መሆናቸውን አመልክተዋል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ልጅቱ ከመንደሯ ስትወጣ ገና ልጅ ነበረች፤ ስትመለስ ግን ብዙ ያየች፣ የደከመች፣ ቤተ ሰብ ያስተዳደረች ሴት ናት። መንደሩ ግን ያችኑ ልጅ ይጠብቃታል፤ ወይም ደግሞ የማያውቃትን ባለጸጋ ይጠብቃታል። ሁለቱንም ሳትሆን ስትቀር እንግዳ ትሆንበታለች።

በብዙ ስፍራ የተመለሰችውን ሴት የሚቀበሏት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ምን ይዘሽ መጣሽ የሚል ነው። ሁለተኛው በአፍ ባይነገርም በዐይን የሚጠየቅ ነው፤ በዚያ አገር እንዴት ኖርሽ፣ ክብርሽንስ ጠብቀሻል ወይ የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውን በገንዘብ ይመዝናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ያላየውን ይፈርዳል። እጇን ባዶ አድርጋ የመጣች እንደ ሆነ ሰነፍ ትባላለች፤ ገንዘብ ይዛ የመጣች እንደ ሆነ ከየት አገኘችው ትባላለች። እንግዲህ ከሁለቱ ወደ የትኛው ብትሄድ ታመልጣለች?

ይህ ዐይነት አቀባበል የሕዝባችን ጥንተ ጠባይ ነው እንዳይባል ሌላ ምስክር አለ። የደቡብ ጎንደር ምድር ስደትን ከማንም አስቀድሞ ያከበረ ምድር ነው። ለድጓ ትምህርት ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ የሚመጣው ተማሪ ስደተኛ አይደለምን? አባት እናቱን ትቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ይለምናል። ሕዝቡም የማን ልጅ ነህ፣ ምን አመጣህልን ሳይለው ከዕለት እንጀራው ይቈርስለታል። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ በእጁ ወርቅ የለም፤ ነገር ግን በዕልልታ ይቀበሉታል፤ መሪጌታ ብለው ከፍ ባለ ስፍራ ያስቀምጡታል። እንዲህ ያለውን አቀባበል የሚያውቅ ሕዝብ ሰውን ያለ ገንዘብ መቀበልን አያውቅም ሊባል አይቻልም።

ሌላም ምስክር እንጨምር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላ አዛር የሚባለው ገዳይ በሽታ ተነሥቶ ነበር። በሽታው በመተማና በሑመራ ቆላ የሚገኝ ሲሆን፣ ወደ ደጋው ያመጡት ለቀን ሥራ ወደዚያ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ የሕክምና ሰዎች ገምተዋል። ያን ጊዜ ሕዝቡ ልጆቹን ተሸክሞ ወደ አዲስ ዘመን ሕክምና አደረሰ፤ አስታመመ፤ የሞቱትንም ቀበረ። ከቆላ ሥራ ታምሞ የተመለሰ ወንድ ልጅ ክብርህን ጠብቀሃል ወይ ተብሎ አይጠየቅም። እኅቱ ግን ከሰው ቤት ሥራ ታምማ፣ ወይም ሌሊት እየባነነች፣ ወይም ዝም ብላ ማዕዘን ይዛ ስትቀመጥ ሐሜት ይከባታል። የሁለቱ ድካም አንድ ሲሆን ፍርዱ ለምን ተለየ? የእግዚአብሔር ሕግ ለወንድ አንድ፣ ለሴት ሌላ ሆኖ አልተሰጠም።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ልጅነት ምንድን ነው? ልጅ የሚባለው ጠቅሞ የተገኘ ነው ካልን፣ ልጅነት ደመወዝ ሆነ ማለት ነው፤ ደመወዝም ሥራው ሲቋረጥ ይቋረጣል። ቤተ ክርስቲያን ግን ልጅነትን የምታስተምረን በጥምቀት ነው። ሕፃን በ40 ወይም በ80 ቀኑ ወደ ጥምቀት ሲቀርብ ምን ይዞ ይመጣል? ምንም የለውም። ነገር ግን ስም ይሰጠዋል፤ በማኅተመ ሜሮን ይታተማል፤ የእግዚአብሔር ልጅ ይባላል። የሴቶችን የክርስትና ስም እናስተውል፤ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ፣ ወለተ ጊዮርጊስ። ወለተ ማለት የእገሌ ልጅ ማለት ነው። ስለዚህ አንዲት ክርስቲያን ሴት በስሟ በተጠራች ቍጥር ልጅ መሆኗ ይመሰከርላታል። አሠሪዋ በሌላ ስም ቢጠራት፣ በፓስፖርቷ ላይ ሌላ ስም ቢጻፍ፣ የመንደሩ ሰው ዐረብ አገር የነበረችዋ እያለ ቢጠራት፣ ሥጋውና ደሙን ስትቀበል የምትጠራበት ስም አልተለወጠም። የማን ናት ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ በዚህ ስም ውስጥ አለ።

ስሙ ግን ጠሪ ይፈልጋል። መጽሐፈ ሩት ስለ ኑኃሚን የሚነግረን ይህን ነው። ኑኃሚን በረኃብ ምክንያት ከባልዋና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከቤተ ልሔም ወደ ሞዓብ ተሰደደች፤ በዚያም ባልዋንም ልጆቿንም ቀበረች፤ ባዶ እጇንም ተመለሰች። ወደ ከተማዪቱ በገባች ጊዜ ሴቶቹ ይህች ያች ናትን እያሉ ተደነቁ፤ እርስዋም ከኀዘኗ ብዛት የቀድሞ ስሟን ጠልታ የመራራነት ስም ይሰጣት ዘንድ ለመነች። የከተማዪቱ ሴቶች ግን በዚያ ስም ሲጠሯት አናገኝም። ቦዔዝም ከኑኃሚን ጋር የመጣችውን ሞዓባዊቷን ሩትን በማሳው እንድትቃርም ፈቀደ፤ አጫጆቹም እንዳያስነውሯት አዘዘ፤ ነዶ እያወጡ ይተዉላት ዘንድም ነገራቸው። በመጨረሻ ሴቶቹ የሩትን ልጅ ለኑኃሚን እንደ ተወለደ ቈጥረው ስም አወጡለት። ከዚያ ልጅም ዳዊት፣ ከዳዊትም ዘር ጌታችን ተወለደ። ቤተ ልሔም ያችን ባዶ እጇን የመጣች ሴት ባትቀበል ኖሮ፣ አብራት የመጣችውን እንግዳ ሴትም ባታገኝ ነበር። የመዳናችን ነገር በአንድ አቀባበል ውስጥ እንዳለፈ ልብ እንበል።

በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል የተነገረውንም እናስብ። ሄሮድስ ከሞተ በኋላ ዮሴፍ እመቤታችንንና ሕፃኑን ይዞ ከግብፅ ተመለሰ፤ ነገር ግን በይሁዳ አርኬላዎስ መንገሡን ሰምቶ ስለ ፈራ ወደ ገሊላ ሄዶ በናዝሬት ተቀመጠ። ጌታችንም የተወለደባት ቤተ ልሔም ሳለች በተቀበለችው በናዝሬት ስም ናዝራዊ ተባለ። ወደ ወጡበት ስፍራ በቀጥታ መመለስ ሁልጊዜ እንደማይቻል ቅዱሱ ቤተ ሰብ ራሱ አይቶታል። ስለዚህ ተመላሿ ሴት እንደ ቀድሞዋ አልሆነችም፣ በአባቷ ቤት መኖር አልቻለችም፣ ደብረ ታቦር ከተማ ቤት ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች ብሎ የሚነቅፋት ሰው ይህን ያስታውስ።

በዚህ ትምህርት ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሳንመልሳቸው ልናልፍ አይገባንም።

አንደኛው፣ የተመለሱትን በክብር መቀበል ሌሎቹ እንዲሄዱ ማደፋፈር ነው የሚል ነው። ይህን የሚሉት አባቶች በየመንገዱ የጠፉትን ልጆች አይተው ነውና ስጋታቸው አይናቅም። ነገር ግን ምክር የሚገባው ከመሄድ በፊት ነው። የደላላው ቃል ሐሰት መሆኑን፣ መንግሥት በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 923 የውል ሥርዓት መደንገጉን፣ ያለ ውል የሚሄድ ሰው ጠበቃ እንደሌለው በዐውደ ምሕረት ማስተማር ይቻላል፤ ይገባልም። ከተመለሰች በኋላ ማሳፈር ግን ሌላዪቱን ከመሄድ አያግድም፤ ያችኑ የተመለሰችውን መልሶ ያስወጣል። ተመራማሪዎቹ ደጋግመው የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ በቤታቸው ስፍራ ያጡ ተመላሾች ዳግመኛ የሚሰደዱ ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ስደትን የሚያበዛው አክብሮ መቀበል ሳይሆን በሩን መዝጋት ነው።

ሁለተኛው ስለ ገንዘብ ነው። አባት ለመንገዷ በሬ ሸጠን ተበድረናል፤ የላከችውም ለቤተ ሰብ ነው ይላል። ልጅ ወላጆቿን መርዳቷ የተባረከ ነገር ነው፤ ዕዳም ይከፈላል። ነገር ግን ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ በላከችው ገንዘብ የተሠራው የቆርቆሮ ቤት በወንድሟ ስም ከተጻፈ፣ የተገዛው ባጃጅም የአጎቷ ልጅ ከሆነ፣ እርስዋ ስትመለስ የምትተኛበት መደብ ካጣች፣ ይህ ዝምድና ሳይሆን የሠራተኛን ደመወዝ መከልከል ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ የተከለከለ ደመወዝ ወደ ሰማይ እንደሚጮኽ አስተምሯል። ያ ቃል በሪያድ ላለው አሠሪ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ በፋርጣና በእስቴ ላለው አባትና ወንድምም የተጻፈ ነው። በክልላችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚስት ስም ከባሏ ስም ጋር በመሬት ደብተር ላይ እንዲሰፍር ተደርጓል። የሚስት ስም በደብተር ላይ ከሰፈረ፣ በላቧ የሠራችውን ቤት በስሟ መጻፍ ለምን ይከብዳል?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ እርሱም ስለ ሃይማኖት የሚነሣው ነው። አንዳንዶቹ እኅቶቻችን ለጉዞ ሲሉ የእስላም ስም በፓስፖርታቸው አስጽፈዋል፤ አንዳንዶቹም ከአሠሪዎቻቸው ቤት ማዕተባቸውን ፈትተው፣ በጾሙ ቀን የተሰጣቸውን በልተው ኖረዋል። እነዚህን እንዴት እንቀበላቸው? በመጀመሪያ በፍርሃት ስም መደበቅና በፈቃድ ክርስቶስን መካድ በክብደታቸው አንድ እንዳይደሉ እንወቅ፤ ይህንንም የሚለየው የንስሐ አባት እንጂ የገበያ ወሬ አይደለም። ሁለተኛም፣ በእውነት የካደች ብትኖር እንኳ ቤተ ክርስቲያን የመመለሻ በር ሠርታላታለች። መጽሐፈ ቄድር የተሠራው ለማን ነው? ወጥቶ ለተመለሰ ሰው አይደለምን? ጌታውን አላውቀውም ያለው በአንዲት ገረድ ፊት የፈራው ቅዱስ ጴጥሮስ ነበር፤ ጌታችን ግን ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር አጠገብ መንጋውን አደራ ሰጠው። ጴጥሮስ በገረድ ፊት ፈርቶ ምሕረት ካገኘ፣ በአሠሪዋ ፊት የፈራች ገረድ ምሕረት ታጣለችን?

ከዚህም ጋር የሚያያዝ የሕፃናት ነገር አለ። አባቱ የማይታወቅ ወይም በባዕድ አገር የቀረ ሕፃን ታቅፋ የምትመጣ እናት አለች። ሕፃኑ ያልሠራውን በደል አይሸከምም። የክርስትና አባት ወይም እናት ተፈልጎለት ይጠመቅ፤ 40ው ወይም 80ው ቀን አልፏል ተብሎ አይመለስ፤ በመንደርም በነውር ስም አይጠራ። ይህን ሕፃን የሚያርቅ ሰው፣ አጋርን በምድረ በዳ ያያትን፣ የልጇንም ልቅሶ የሰማውን አምላክ እንዴት ይጠራዋል?

የተመለሰች ሴትን መቀበል ለዚህ አገር አዲስ ነገር እንዳልሆነ የሚያሳይ ከዚሁ ምድር የተገኘ ታላቅ ምሳሌ አለን። በጣና ምሥራቅ ዳር በቆራጣ በስሟ ቤተ ክርስቲያን የታነጸላት ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበረች ናት። የንጉሡ ሹም የነበረውን ባሏን መልክአ ክርስቶስን ትታ መነኰሰች፤ የሮማውያንንም ሃይማኖት አልቀበልም በማለቷ በንጉሡ ፊት ቀርባ ወደ ዠበይ ተጋዘች። በግዞቷ ስፍራም ሰዎች ተሰብስበውባት ማኅበር ሆኑ፤ ከግዞት ከተመለሰች በኋላም ማኅበሮቿ እየበዙ ሄደው 7 ደረሱ፤ በእነርሱም ውስጥ ወንዶችም ሴቶችም ነበሩ። በ1635 ዓ.ም. ኅዳር 17 ቀን ዐረፈች፤ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላም ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን ጻፈ። የእርስዋ ስደት ስለ ሃይማኖት፣ የልጆቻችን ስደት ግን ስለ እንጀራ መሆኑን አንክድም፤ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን አናኖርም። ነገር ግን ከቤት የወጣች፣ በሹማምንት ፊት የቆመች፣ በባዕድ ስፍራ ያደረች ሴት ሁሉ የተናቀች ናት የሚለውን ወሬ ይህ ገድል ብቻውን ያፈርሰዋል። ከዚህም ጋር፣ ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. አዋጃቸውን በሻሩ ጊዜ፣ በፍርሃት ወይም በጥቅም የሮምን ሃይማኖት ተቀብሎ የነበረው ብዙ ሕዝብ ወደ ተዋሕዶ ተመለሰ፤ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበለችው። ዛሬ በዚህ ምድር ከምንኖረው መካከል የእነዚያ ተመላሾች የልጅ ልጅ አይደለሁም ብሎ የሚምል ማን ነው?

እንግዲህ ምን ይደረግ? የንስሐ አባት ልጁ መመለሷን በሰማ ጊዜ እስክትመጣ አይጠብቅ፤ ሄዶ ይጠይቃት፤ የመጀመሪያ ቃሉም እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ልጄ የሚል ይሁን። ምን እንዳመጣች አይጠይቅ፤ ያየችውንም ሁሉ በአንድ ቀን እንድትናገር አያስገድዳት። ጸበል መልካም ነው፤ ነገር ግን አእምሮዋ የተጎዳውን ወደ ሐኪም ማድረስንም ሃይማኖት አይከለክልም። የጽዋ ማኅበር እናቶች በወሩ ተራ ስም ዝርዝር ውስጥ ያስገቧት፤ ጽዋውን የተቀበለች ሴት ለመንደሩ እንግዳ አይደለችምና። ዕድርም ስንት ዓመት አልከፈልሽም ብሎ ከመዝገብ አይሰርዛት። ሰንበት ትምህርት ቤትም የተማረችውን ቋንቋና ያወቀችውን ዓለም ለታናናሾቿ እንድትነግር ያድርግ፤ ከእርስዋ የተሻለ የደላላን ሐሰት የሚገልጥ መምህር አይገኝምና። ወላጅ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ መደቧን ያንጥፍላት።

ከተማዪቱ የተጠራችበት የታቦር ተራራ ነገር በዚህ ላይ ያስተምረናል። ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ በዓል በሚከበርበት ዕለት ሕፃናት በየደጁ እየዞሩ ሙልሙል ይቀበላሉ፤ ማንም ልጅ የማን ነህ ተብሎ አይመለስም። በዚያ ተራራ ላይ ቅዱስ ጴጥሮስ የጌታውን ብርሃን አይቶ በዚያው ሊቀመጥ፣ ሦስት ዳስም ሊሠራ ወደደ። ጌታችን ግን ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ወረደ፤ ከተራራውም ግርጌ የታመመ ልጁን ይዞ የሚያለቅስ አባት ይጠብቀው ነበር። የበዓሉ ዝማሬ በተራራው ላይ ደስ ያሰኛል፤ ሥራው ግን ከግርጌው ነው። ዛሬም በየደብራችን ግርጌ የተመለሰች ልጅ የታቀፈ፣ ወይም የተመለሰች ልጁን በኀፍረት የደበቀ አባት ሳይኖር አይቀርም።

በመጀመሪያ ያነሣነው ጥያቄ መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ከስደት የተመለሰች ልጅ በጥምቀቷ የእግዚአብሔር ናት፤ በመወለዷ የቤተ ሰቧና የአገሯ ናት፤ ይህ ልጅነት ባገኘችው ገንዘብ አይጨምርም፣ ባጣችውም አይጎድልም። መመለሷ ግን በእግሯ ብቻ አይፈጸምም። ግማሹን መንገድ እርስዋ መጥታለች፤ የቀረው ግማሽ የተቀባዮቹ ነው። የጠፋው ልጅ ገና በሩቅ ሳለ አባቱ ሮጦ እንደ ተገናኘው፣ ይህንንም አይቶ በደጅ ቆሞ የተቈጣው በቤት የቀረው ታላቅ ወንድም እንደ ነበረ ወንጌል ይነግረናል። ሁላችንም ወደ ሰማያዊት አገራችን የምንመለስ ስደተኞች ነን፤ በዚያም ደጅ ምን ይዘህ መጣህ ተብለን ብንጠየቅ የምናሳየው የለንም። በቸርነቱ ልንገባ ተስፋ የምናደርግ እኛ፣ በደጃችን የቆመችውን በቸርነት እናስገባ።

ለዚህም የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የስደተኞች እናት የእመቤታችን አማላጅነት ይርዳን። አሜን።